ልጄ ስምንት ሊሞላት ነው፣ ኬኩ ላይ ግን 10 ይደረግልኝ ብላለች (የናቪ ቁጥር የሚችል ካለ)

አራተኛ_ፎቅ
ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ቤቶች፣ ጥያቄዬ የስራ ፈት ይመስላል አውቃለሁ ግን እስከ ታች አንብቡልኝ።

ልጄ ሚጡ (የቤት ስሟ ነው) የሚቀጥለው ወር ስምንት ይሞላታል። አቫታር የሚባለውን ፊልም ካየች ወዲህ ቤቱ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጅራት እሰራለሁ ብላ የእናቷን ነጠላ ጥለት ቀዳለች፣ እሱስ አለፈ። አሁን የያዛት ቁጥር ነው። ናቪዎቹ (ፊልሙ ላይ ያሉት ሰማያዊ ፍጡራን) በየእጃቸው አራት አራት ጣት ነው ያላቸው፣ ስለዚህ የሚቆጥሩት እንደኛ በአስር ሳይሆን በስምንት ነው። ቋንቋውን የሚማሩ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡትን መዝገበ ቃላት አገኘሁና አብረን ጀመርን፦

አው፣ ሙኔ፣ ጴይ፣ ትሲንግ፣ ምርር፣ ፑካፕ፣ ኪና፣ ቮል።

እሷ በሁለት ቀን ለቀም አደረገችው። እኔ ቮል ጋ ደርሼ ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ። ዘጠኝ ቮላው ነው፣ ቮል እና አው ማለት ነው፣ አስር ቮሙን፣ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። ግን "አባ ሰላሳ ሰባት ስንት ነው?" ስትለኝ ሞባይል አውጥቼ ለስምንት ማካፈል ነው፣ አራት ጊዜ ደረሰ፣ አምስት ተረፈ፣ ትሲቮምርር፣ ይህን ብዬ ቀና ስል እሷ ሄዳ ሌላ ጨዋታ ይዛለች። ባለፈው ደግሞ ምን አለችኝ፣ "አንተ አቫታር ስለሆንክ ነው"። ለማያውቅ፣ ፊልሙ ላይ ሰው የሚገባባቸው የአቫታር አካላት ጣታቸው አምስት ነው፣ ሰው ሰው ስለሚሉ። ተሰደብኩ ማለት ነው።

ዋናው ጣጣ ኬኩ ላይ ነው። የቁጥር ሻማ ልንገዛ ገብተን 8ን ሳነሳ "እሱ አይደለም፣ 1 እና 0 ነው" አለች። ልክ ነች እኮ! በስምንት ለሚቆጥር ሰው 8 የሚባል ምልክት የለም፣ ከ7 ቀጥሎ 10 ነው የሚጻፈው። ግን ያን ቀን አያት አለች፣ አክስቶች አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ 10 የሚል ሻማ ሰክቼ ምን ልበላቸው? እናቴ ደግሞ ዕድሜ ላይ ቀልድ አታውቅም።

እና ሁለት ነገር ንገሩኝ። ሳላካፍል በስምንት መቁጠርን እንዴት ልልመድ? ሻማውንስ ምን ላድርገው?


ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ

አው ማለት አንድ ከሆነ የኔ ሰውዬ ምንም ብጠይቀው አንድ አንድ እያለኝ ነው የኖረው ማለት ነው ኪኪኪ። ምርር አምስት መሆኗ ደግሞ ገደለኝ፣ "ምርር ብላ አለቀሰች" ማለት አምስት ጊዜ አለቀሰች ሊሆን ነው።

ቁም ነገሩን ልንገርህ ወንድሜ፣ ያንተ ችግር የቁጥር ሳይሆን የሰዓት ነው። እዚህ አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ስልኬ 8 ሲል ሁለት ሰዓት ነው ብዬ፣ 2 ሲል ስምንት ነው ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስድስት ስደምር ስድስት ስቀንስ ነበር የምውለው፣ አንዴ እንደውም ተገልብጦብኝ ስራ ስድስት ሰዓት ቀድሜ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ብርድ ጠብሶኛል። በመሃል መቼ እንደሆነ አላውቅም ማስላቱ ቆመ። አሁን እናቴ ደውላ "ማታ ሁለት ሰዓት ላይ" ስትለኝ የእራት ሽታ ነው የሚመጣልኝ እንጂ 8 የሚል ቁጥር አይታየኝም፣ የስራ ቦታው 8 ደግሞ ለብቻው የስራ ቦታ 8 ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ስተው ተገላገልኩ። አንተም ሰላሳ ሰባትን ተርጉሚልኝ አትበል፣ እቃ ፊትህ ደርድርና ከአው ጀምረህ ቁጠር።


ሰርቨር_ጠባቂ

በስምንት የሚኖር ሰው ከፈለግክ አለሁልህ። ሊኑክስ (ሰርቨር የምናስኬድበት ሲስተም) ላይ ፋይል ፈቃድ ስንሰጥ ቻሞድ 755 እንላለን አይደል፣ ያ የስምንት ቤት ቁጥር ነው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1፣ ሶስቱን ስትደምር 7፣ ከዛ በላይ የለም። እና ማንም የሙያው ሰው "ሰባት መቶ ሃምሳ አምስት" ብሎ አያነበውም፣ ሰባት አምስት አምስት ነው።

ሻማውም እንደዛው ነው። የሚያጣላህ 10ን "አስር" ብለህ ማንበብህ ነው። "አንድ ዜሮ" በለው፣ አንድ ቮል እና ምንም።

ትልልቆቹን ደግሞ ሳያቸው በደስታ ልሞት ነበር፣ 64 ዛም፣ 512 ቮዛም፣ 4096 ዛዛም። ኮምፒውተር ላይ በየቀኑ የማያቸው ቁጥሮች ናቸው፣ ለሚጡ አንደኛው ክብ ቁጥር ለኛም ክብ ነው።


ፊደሌን_አትንኩ

ይቅርታ አድርጉልኝና ህጻኗ ፳፭ን ማንበብ ትችላለች? የራሳችን አኃዝ እያለ ሰው ለፊልም የፈጠረውን ቁጥር ማስጠናት ምን የሚሉት ነው። ነጥቡን አትሳቱ፣ ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የአባት ነው።


አራተኛ_ፎቅ

ፊደሌን_አትንኩ እውነቱን ልንገርህ፣ ፳፭ን እኔም ትንሽ ቆም ብዬ ነው የማነበው፣ እሷን አትጠይቅ። ግን በስምንት መቁጠር ከጀመረች ወዲህ ነው "አባ እኛ ለምን በአስር?" ብላ የጠየቀችኝ፣ ያን ጥያቄ እኔ ሰላሳ ምናምን ዓመቴ ድረስ ጠይቄው አላውቅም።


ድምፅ_ለቃሚ

ቋንቋ ጥናት ነው የተማርኩት፣ እዚህ ክር ውስጥ ገብቼ ዝም ማለት አልቻልኩም ስለዚህ ይረዝማል።

ናቪን የሰራው ፖል ፍሮመር ነው፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የቋንቋ ሰው። ስራውን የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፊልሙ የወጣው በ2009 መጨረሻ። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚገርመው ምን መሰላችሁ፣ ቋንቋው ውስጥ ጰ፣ ጠ እና ቀ አሉ። በትክክል የኛዎቹ፣ ጉሮሮን ዘግተን የምናፈነዳቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ግን ፒ፣ ቲ እና ኬ ከኋላቸው ኤክስ ተለጥፎባቸው ነው፣ ስለዚህ ፈረንጁ ሶስትን "ፒክሴይ" ሰላምታውን "ካልትክሲ" እያለ ይሰቃያል፣ አሜሪካዊ ጓደኛዬ ጠን ለማውጣት ሲለማመድ ያየሁት ሰው አጥንት የተሰነቀረበት ነበር የመሰለኝ። እኛ ግን ጴይ እና ካልጢ ብለን እንወጣዋለን። አራተኛ_ፎቅ ሳታስበው ጴይ ብለህ መጻፍህ ልክ ነው፣ ሚጡም የቀደመችህ አንደኛ፣ ልጅ ስለሆነች፣ ሁለተኛ፣ ጆሮዋን ስለምታምን ነው።

ትሲንግን ጺንግ ብላችሁ እንዳትጽፉ ብቻ። ጸ ይፈነዳል፣ የነሱ ት እና ስ ተጣብቀው ልሙጥ ሆነው ነው የሚወጡት። ኪና የመጨረሻዋ ድምፅ በ ና እና በ ኔ መሃል ናት፣ አፍ ከፈት። ምርር ውስጥ ያለችው ር አናባቢ የላትም፣ ምላስ ዝም ብሎ ይርገፈገፋል። አው ከፊቷ ጉሮሮ ያዝ ያደርጋል።

አሁን ከቮል በላይ። አራተኛ_ፎቅ አንድ ነገር ያልነገርከን አለ፣ ቁጥሮቹ ከቮ ኋላ ሲመጡ መልካቸው ይቀየራል፦ ቮላው፣ ቮሙን፣ ቮፔይ፣ ቮሲንግ፣ ቮምርር፣ ቮፉ፣ ቮሂን። ጴይ ፔይ ሆነ፣ ትሲንግ ሲንግ ሆነ፣ ፑካፕ ፉ ሆነ፣ ኪና ሂን ሆነ። ብዙ ሰው በቃሉ ይሸመድደዋል፣ ግን ህግ ነው፣ ድምፁ ይሳሳል። ጰ ወደ ፐ፣ ፐ ወደ ፈ፣ ትስ ወደ ስ፣ ከ ወደ ሀ። የመጨረሻዋን ሳያት የአያቴ ንግግር ነው የመጣብኝ፣ "ኸዚያ ኸሄድክ ኸኔ ጋር የለህም" ትል ነበር ነፍሷን ይማረውና። ከ ወደ ኸ። ኪና ወደ ሂን ማለት ያው ነው፣ ማንም የሸዋ ገጠር ሰው ሳይማር ያውቀዋል።


አራተኛ_ፎቅ

ድምፅ_ለቃሚ ይሄን ለሚጡ አነበብኩላት፣ "አያታቸው ናቪ ነበሩ?" አለች።


ሲም_ሻጩ

አንድ ጥያቄ። 8 እና 9 የሚባል ቁጥር ከሌላቸው ስልክ ቁጥር እንዴት ይነጋገራሉ? የኛ ሀገር ስልክ እኮ በ09 ነው የሚጀምረው።


ድምፅ_ለቃሚ

የሚገርመው ተጠይቆ መልስ ተሰጥቶበታል። ለስልክ ቁጥር ብቻ ከእንግሊዝኛ የተዋሷቸው ሁለት ቃላት አሉ፣ "ኤይት" እና "ናይን"። ሲቆጥሩ አይጠቀሙባቸውም፣ ስልክ ሲያስነግሩ ብቻ። ዜሮ "ኬው" ነው። ስለዚህ ያንተ ደንበኛ ገና ሲጀምር "ኬው ናይን" ብሎ ተውሶ ነው የሚጀምረው።


ሲም_ሻጩ

በ07 የሚጀምረውን የያዘ ግን ኬው ኪና ብሎ ንጹህ ናቪ ተናገረ ማለት ነው። ሳፋሪኮሞች ይሄን ማስታወቂያ ላይ ማዋል ነበረባቸው።


የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

የሻማውን ነገር ከግዕዝ ወገን ልየው። ፊደሌን_አትንኩ አትቆጣ፣ መንገዱን ላሳይህ።

የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ፲ ሲባል አንድና ምንም ማለት አይደለም፣ ራሱን የቻለ የአስር ምልክት ነው፣ ፳ የሃያ፣ ፻ የመቶ፣ ፼ የእልፍ። ቦታ አይቀያይረውም። የልጅቷ ጥያቄ የተነሳው እኮ 1 እና 0 ቦታቸው ዋጋቸውን ስለሚወስን ነው፣ ያው 10 ለአንዱ አስር ለሌላው ስምንት ይሆናል። በግዕዝ ይሄ ጭቅጭቅ አይነሳም። ፰ ብለህ ከጻፍክ አያትም ትስማማለች ናቪውም ይስማማል፣ ስምንት ነገር በማንም አቆጣጠር ስምንት ነገር ነው፣ አጻጻፉ ነው እንጂ የሚለያየው። የ፰ ሻማ የሚሸጥ ቤት ግን አላውቅም።

ማካፈል ላልከው ደግሞ፣ እኛ ባሕረ ሐሳብ (በዓልና ጾም የሚወጣበትን የዘመን ስሌት) ስንማር "መግደፍ" ነው የሚባለው። የሚደርሰውን ትጥለዋለህ፣ የምትፈልገው ትራፊውን ነው። ለምሳሌ የ2016ን ዓ.ም. ብትፈልግ 5500 ትጨምርበታለህ፣ 7516፣ በ19 ትገድፈዋለህ፣ 11 ይተርፋል፣ አንዱን ለዘመን ትቀንሳለህ ወንበሩ 10 ሆነ። አስሩን በ11 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ አበቅቴ 20፣ አስሩን በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፍ መጥቅዕ 10። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ተሳስተሃል፣ የኔታ ያን ጊዜ ቀና ብለው አያዩህም፣ ዝም ብለው ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ፣ ትደግመዋለህ። በ7 ሲገድፍ፣ በ19 ሲገድፍ፣ በ30 ሲገድፍ ለኖረ ሰው በ8 መግደፍ ምንድነው? ሰላሳ ሰባትን አይቶ ስምንት ስምንቱን መጣል ነው፣ አራት እፍኝ ሄደ፣ አምስት መዳፍህ ላይ ቀረ።


ፊደሌን_አትንኩ

እሺ በዚህ በኩል ከመጣህ እቀበላለሁ። ፰ ይሁን።


የጅዳዋ

እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ማታ ማታ ነው የማነባችሁ። የመዳሟ ልጆችም አንድ ሰሞን ይሄን ፊልም ይዘው ነበር።

ዓረብኛ ላይ ሁለት ነገር ሲሆን ለብቻው ነው የሚጠራው፣ የውም ቀን ነው፣ ሁለት ቀን የውመይን፣ ሁለት መቶ ሚተይን፣ ሁለት ሺ አልፈይን። ስመጣ እሱ ነው ያስቸገረኝ፣ ብዙ ካልሆነ አንድ ነው ብዬ ስለማስብ። ናቪም እንደዛ አለው?


ድምፅ_ለቃሚ

የጅዳዋ እህቴ ጥሩ ጠየቅሽ፣ አለው፣ እንደውም ሶስትም ለብቻው አለው። ሰው ቱቴ ነው። ሁለት ሰው ሜሱቴ፣ ሶስት ሰው ጴሱቴ፣ ከዛ በላይ ነው ብዙ የሚባለው፣ ሱቴ ወይ አይሱቴ። ቱ ወደ ሱ ስትሳሳ አያችሁ? ሜቮል 16 የሆነውም ከዛው ነው፣ ሁለት ቮል። ጴቮል 24፣ ሶስት ቮል።

ቁጥር በቃል ስትናገሪ ግን ስሙ ነጠላ እንደሆነ ይቀራል፣ አምስት ካልሽ በኋላ "ሰዎች" ማለት አያስፈልግም። ይሄ ለኛ ምንም አያስቸግርም፣ "አምስት ሰው መጣ"፣ "ሶስት ልጅ አለኝ" ብለን እየኖርን።


ኩሩ_ክሊንጎን

ስምንት ምን አላት፣ ክሊንጎኖች (ስታር ትሬክ ላይ ያሉት) ድሮ በሶስት ነበር የሚቆጥሩት። ቋንቋቸውን የሰራው ማርክ ኦክራንድ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው መዝገበ ቃላት ላይ አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ ከዛ ሶስትና አንድ፣ ሶስትና ሁለት እያለ ይሄድ ነበር፣ በኋላ እንደሌላው ዓለም ብለው ወደ አስር ዞሩ። አሁን ዋእ፣ ቻእ፣ ወጅ ብለህ ትጀምራለህ፣ ዋእማኽ ላይ አስር ትላለህ፣ ሃያ ቻእማኽ፣ ሁለት አስር ማለት ነው። የኛ "ሃያ" ግን "ሁለት"ን የት ላይ እንደሚመስል የሚያውቅ ይንገረኝ፣ እኔ ልጄን ሳስቆጥር ከአስራ ዘጠኝ ቀጥሎ ሁልጊዜ "አስራ አስር" ነው የሚለኝ፣ እውነት ለመናገር የሱ ይሻላል።

አንድ የምወደው ነገር፣ ለአስር ሺ ለብቻው ቃል አላቸው። እኛ እልፍ እንደምንለው። የቆሎ ተማሪው ፼ ሲል እሱ ነው ትዝ ያለኝ፣ እልፍን የምንለው ግን "እልፍ አእላፍ" ስንል ብቻ ሆኗል፣ ማን ነው ደሞዜ እልፍ ነው የሚል።


ሰርቨር_ጠባቂ

አንድ እልፍ ከምናምን ነው የኔ፣ ግብር ሲቆረጥ እልፍም አይሞላ።


አራተኛ_ፎቅ
ሐሙስ ማታ 4፡25

ተሳካልኝ!! ልንገራችሁ።

የኛ ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው፣ ስሜ ላይ እንደምታዩት አራተኛ ላይ ነን። ሊፍት የለም። ውሃ ደግሞ እላይ የሚደርሰው ሲፈልግ ነው፣ ሳይፈልግ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ነው። ትናንት ማታ አልፈለገም። እኔ ጀሪካን ይዤ ሚጡ የስልኬን ላምባዲና ይዛ ከፊቴ እየወጣች ትቆጥራለች። አው፣ ሙኔ፣ ጴይ፣ ትሲንግ፣ ምርር፣ ፑካፕ፣ ኪና፣ ቮል አለችና ቆመች፣ ማረፊያው ላይ። ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። እንደገና፣ ቮላው፣ ቮሙን፣ ቮፔይ እያለች ሜቮል ስትል አንደኛ ፎቅ በር ላይ ነን።

ስድስት ዓመት ስወጣው ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ከማረፊያ ማረፊያ ስምንት ስምንት እርከን ነው! ሜቮል አንደኛ ፎቅ፣ ትሲቮል ሁለተኛ፣ ፑቮል ሶስተኛ፣ ከዛ ኪቮል ማረፊያው፣ ከዛ የመጨረሻዋን እርከን ረግጠን በራችን ላይ ስንደርስ ዛም! ስልሳ አራት! ሚጡ በሩን እየደበደበች "ዛም ዛም" ስትል እናቷ ምን ሆናችሁ ብላ ከፈተች፣ እኔ መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

እና ያቺ ሰላሳ ሰባት አለች አይደል ያስቸገረችኝ፣ አሁን የት እንዳለች አውቃለሁ። ትሲቮል ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ከዛ አምስት እርከን፣ ጎረቤታችን ሬት የተከሉበት የወተት ቆርቆሮ ጋ። ትሲቮምርር ማለት ሬቷ ናት በቃ። ምንም አላካፍልም። ሃያ አንድ ስትለኝ አንደኛ ፎቅ አልፌ አምስት እወጣለሁ፣ ሜቮምርር። ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ ያልሽው የእራት ሽታ ይሄ ነው መሰለኝ።


ሰርቨር_ጠባቂ

ቆይ ቆይ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እንዲህ ልክ በልክ ስምንት ሆኖ? ታች መግቢያው ላይ ሁሌ አንድ የተረፈች ትኖራለች እኮ።


አራተኛ_ፎቅ

አለች። ከጎርፍ ብለው ነው መሰለኝ መግቢያው ላይ አንዲት ሲሚንቶ ጨምረዋል። ሚጡን ይቺስ ስላት ረግጣት ቆመችና "ኬው" አለች። ዜሮ ናት፣ አልፈናታል።


የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ገደፈቻት በለኛ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ

እኔ አፓርትመንቴ ሊፍት ስላለው ነው ሁሉ ነገር የማይገባኝ።


የጅዳዋ

እዚህ ቤት ያለው ደረጃ አስራ ሰባት ነው፣ ሁሌ ስጠርገው ቆጥሬዋለሁ። ሜቮላው ነው አይደል? ዛሬ በናቪ ጠረግኩት፣ ቶሎ አለቀ።


ኩሩ_ክሊንጎን

ልደቱ መቼ ነው፣ የሻማው ነገር ምን ደረሰ? እንዳትጠፋብን።


አራተኛ_ፎቅ
እሁድ ማታ፣ ከወር በኋላ

አልጠፋሁም፣ ዛሬ ነበር። እግሬን ሰቅዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ባለቤቴ የቆሎ ተማሪውን ምክር አንብባ ምንም ሳትነግረኝ ድፎ ዳቦው ላይ በሊጥ ፰ ሰርታበታለች፣ ሲጋገር ትንሽ ተነፋፍቶ የድመት ፊት ቢመስልም ፰ ነው። ኬኩ ላይ 1 እና 0 ሰካን። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም አሉ፣ ዳቦው ስምንት ይላል ኬኩ አስር ይላል፣ ፊደሌን_አትንኩ ፎቶውን ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

እንግዳው ገና ሲገባ አክስቴ "አስር ሞላት እንዴ? ጊዜው እንዴት ይሮጣል" ብላ አመነች፣ ዝም አልኳት። እናቴ ግን ቡናው ጋ ቁጭ ብላ ኬኩን አየች፣ እኔን አየች፣ "በአንድ ቀን ሁለት ዓመት የምትጨምሩባት ምን አድርጋችሁ ነው" አለች። ላስረዳ አፌን ስከፍት ሚጡ ቀደመችኝ። የአያቷን እጅ ሳብ አድርጋ ትንሿን ጣት አጠፈቻት። እኔ ሁልጊዜ አውራ ጣት ነበር የማጥፈው፣ "አውራ ጣት አላቸው አባ፣ የሌላቸው ትንሿ ናት" ብላ አርማኛለች። የሌላኛውንም እጅ ትንሿን አጠፈች። ከዛ እያንዳንዷን ጣት እየነካች አው፣ ሙኔ፣ ጴይ፣ እናቴም ከኋላ ከኋላ እየተከተለች፣ ጴይ ላይ ከሁላችንም አጥርታ ነው ያለችው፣ ጰራቅሊጦስ ስትል የኖረች ሴት ናት። ቮል ላይ ጣቱ አለቀ። "አለቀ አይደል? ስለዚህ አንድ ሙሉ ነው፣ የተረፈ የለም፣ አንድ ዜሮ" አለቻት። እናቴ የታጠፉትን ሁለቱን ጣቶች እያየች "እነዚህስ ምን በደሉ" አለች፣ ግን ተቀበለች።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሚጡ ቀጠለችና "አንቺ ደግሞ ስልሳ አራት ስለሆንሽ ዛም ነሽ፣ ሲጻፍ አንድ ዜሮ ዜሮ ነው፣ መቶ" አለቻት። ቤቱ ጸጥ አለ፣ አክስቴ ፈንዲሻውን አስቀመጠች። እናቴ መታወቂያዋ ላይ ያለው ዕድሜ ራሱ የበዛ ነው ብላ የምትከራከር ሰው ናት።

ስኒዋን አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ያዝ አደረገች፣ "ይቺን የናንተን ደረጃ ወጥቼ ስጨርስ ድሮም መቶ ነኝ" አለች።


ድምፅ_ለቃሚ

ልክ ናቸው እኮ፣ በራችሁ ላይ ዛም ነው።


ሲም_ሻጩ

ሰው ስንት መጣ?


አራተኛ_ፎቅ

ቮሂን። ዳቦው በቃ፣ ኬኩ አነሰ።